«ፍሬን እምቢ ብሎት» ከማለታችን በፊት

የትራፊክ አደጋ ዜና አጻጻፍን ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ስንሰማው ነው ያደግነው። «ከዚህ ወደዚያ ሲጓዝ የነበረ የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት በመገልበጡ...» ይላል። ከዚያ የሟቾች ቁጥር፣ ከዚያ የቆሰሉት፣ ከዚያ የወደመው ንብረት ግምት በብር። መጨረሻ ላይ «አሽከርካሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ምክር ይታከልና አለቀ። የዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚባሉትን ስድስት ጥያቄዎች ስንማር እኔ አንዷ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። «ለምን» የምትለዋ ላይ። ፍሬን ለምን እምቢ ይላል? በቅሎ ነው እንዴ?

ይህን የማነሳው ለክርክር ያህል አይደለም። የተወለድኩት ደጀን ነው። ደጀንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ የዓባይን በረሃ ጨርሳችሁ ወደ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የምትቀበላችሁ የጎጃም ከተማ ናት። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ መንገድ ከባድ መኪና ነድቷል። ጉልበቱን እያመመው ከተወው ጥቂት ዓመት ሆነው። የአባቴ የልብ ባልንጀራ፣ እኛ ልጆች «ጋሼ» ብቻ እያልን የምንጠራው ሰው፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በዚያው ቁልቁለት ላይ ሞተ። በሬዲዮ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ተባለ። በሰፈር ደግሞ «ጠጥቶ ነው» የሚል አለ፣ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» የሚል አለ። ባለቤቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትሰማለች። አባቴ ከለቀስተኛው መሀል ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግመው፦ «ግሎ ነው። ታምቡሩ ግሎበት ነው።»

ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው፣ የፍሬኑ ሸራ ከውስጥ ተለጥጦ የሚይዘው የብረት ከበሮ ነው። ሹፌር ፍሬን ሲረግጥ ሸራው ታምቡሩን ያሻሸዋል፤ በመፋተጉ መኪናው ይቀንሳል። ይህን ማንም ጋራዥ ደጃፍ ያደገ ልጅ ያውቃል። «ግሎበት ነው» የምትለዋን ግን ማንም ዜና ላይ ሰምቻት አላውቅም። ስለዚህ በዚህ ዓመት የዶርም ጓደኛዬን ሙጭጭ ብዬ ያዝኳት። እሷ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የምታጠናው፤ ስለ ሙቀት መተላለፍ የሚያወራ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አላት። «ጋዜጠኛ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» እያለች ቢሆንም አስረዳችኝ። የተረዳሁትን በእኔ ቋንቋ ላካፍላችሁ።

እስቲ አብረን እናስላ። ጎሃ ጽዮን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድልድዩ ያለበት ቦታ ደግሞ ከ1,100 ሜትር በታች ነው። መንገዱ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ግማሹ መውረጃ፣ ግማሹ መውጫ ነው። እንግዲህ አንድ መኪና በሃያ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,400 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። መኪናው ከነጭነቱ 30 ቶን ይሁን። ለምሳሌ ከጅቡቲ ወደብ ለጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ ጭኖ የመጣ። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደጋ እስኪወጣ ያቃጠለው ነዳጅ ሁሉ በከንቱ አልጠፋም፤ ከፊሉ ከፍታ ሆኖ ተቀምጧል። ቁልቁል ሲወርድ ያ የተቀመጠው ጉልበት ተመልሶ ይመጣል። መጠኑም 412 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው።

ጁል ሲባል ዓይናችሁ ጨለም እንደሚል አውቃለሁ፣ የእኔም ብሎ ነበር። በውሃ እናውራው። በዚህ ሙቀት ሰባት በርሜል የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ማሞቅ ይቻላል። በምጣድ እናውራው ካላችሁ ደግሞ፣ መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ ሰዓት ወርዶ ቢጨርስ፣ በየሰከንዱ የሚወጣው ሙቀት ከሰላሳ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር እኩል ነው። ሰላሳ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ተሰክቶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መኪናው ከላይ ከነበረው ፍጥነት አልጨመረም። ጉልበቱ እንግዲህ ወዴት ሄደ? ሁሉም ሙቀት ሆነ። የሆነ ቦታ መሄድ አለበት።

መጀመሪያ ይዞት የሚቀር የመሰለኝ ብረቱ ነበር፤ ታምቡር ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው። ጓደኛዬ ግን ካልኩሌተሯን አወጣች። የታምቡሮቹ ብረት ተደምሮ ግማሽ ቶን ቢሆንና ያንን ሙቀት ሁሉ ይዞ ቢያስቀር፣ ብረቱ ከ1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ንጹህ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አንድም መኪና ድልድዩ ጋ በታምቡር ባልደረሰ ነበር። ታምቡሩ ማስቀመጫ ሳይሆን አቀባይ ነው። ከሸራው ይቀበላል፣ ለነፋስ ያቀብላል። መኪናው በሰላም መድረሱ የሚወሰነው ነፋሱ የተሰጠውን ቶሎ ወስዶ በመሄዱ ላይ ነው። መቼም ነፋስ የጭነት መኪና ረዳት ነው ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሚገርመው፣ ይህን ነገር መጀመሪያ በቁጥር ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ኒውተን ነው። ያ የስበቱ ኒውተን። እ.ኤ.አ. በ1701 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ስሙን ሳይጽፍ በላቲን ቋንቋ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ብረት እሳት ውስጥ አግሎ አወጣና ጸጥ ባለ አየር ውስጥ ሳይሆን ነፋስ እኩል በሚነፍስበት ቦታ አስቀመጠው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በብረቱ የሞቀው አየር እዚያው እንዳይቆም፣ ተወስዶ በቦታው ቀዝቃዛ አየር እንዲተካ ፈልጎ ነው። ከዚያ ብረቱ ሙቀቱን የሚሰጠው ከአየሩ በበለጠበት ልክ መሆኑን ተናገረ። በጣም የጋለ ቶሎ ይሰጣል፣ ለብ ያለ ቀስ ብሎ ይሰጣል። የጋለ ብረትና የሚነፍስ አየር! ኒውተን ከነባድ መኪናው ዓባይ በረሃ የወረደ ነው የመሰለኝ።

ትኩስ ድንች እፍ እያልን ስንበላ የምናደርገውም ይኸው ነው። ግን አንድ የምትገርም ነገር አለች። ነፋሱ ብረቱን በደንብ አይነካውም። ማለቴ፣ ከብረቱ ገጽ ጋር የተጣበቀው አየር አይንቀሳቀስም። ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን ሉድቪግ ፕራንትል የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሃይድልበርግ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ። የሚፈስ ነገር፣ አየርም ይሁን ውሃ፣ ጠጣር ነገር ላይ ሲደርስ ገጹ ላይ ይቆማል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ሲል ቀስ ይላል፣ ሌላም ሲርቅ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል። በመካከል ያለችው ቀጭን ንብርብር እንደ ብርድ ልብስ ነች። ሙቀቱ ከብረቱ ወጥቶ ነፋሱ ላይ ለመሳፈር ያቺን ብርድ ልብስ ማለፍ አለበት።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? የጭነት መኪና ኮፈን እዩ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበር ውሎ እንኳ ላዩ ላይ ያለው ደቃቅ አቧራ እንዳለ ነው፤ በጣታችሁ ስማችሁን ትጽፉበታላችሁ። ያ ሁሉ ነፋስ ለምን አልጠረገውም? አቧራው ብርድ ልብሷ ውስጥ ተኝቶ ነው። እኔ በልጅነቴ አባቴ ሲመጣ ስሜን የምጽፈው እዚያ ላይ ነበር። ለካ ፊደሌን ያቆየልኝ የፕራንትል ንብርብር ኖሯል።

ነፋሱ ሲፈጥን ብርድ ልብሷ ትሳሳለች። ስለዚህ ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። እዚህ ላይ ስደርስ ለጓደኛዬ አንድ ጥያቄ አቀረብኩላት፤ ብዙ ሹፌርም የሚያስበው ይመስለኛል። ፍጥነት ነፋስ ከጨመረ፣ ቁልቁለቱን በፍጥነት መውረድ ፍሬኑን አያቀዘቅዘውም? ከፍጥነት የሚመጣ ነፋስ ነጻ ስጦታ አይደለም እንዴ?

መልሱ ስሌቱ ውስጥ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጉት ከገደሉ በየሰከንዱ የሚመጣው ሙቀትም እጥፍ ይሆናል። ሰላሳ ሁለቱ ምጣድ ስልሳ አምስት ይሆናል። የነፋሱ የመሸከም አቅም ግን እጥፍ አይሆንም። እየተረበሸ ለሚፈስ አየር 1.74 ጊዜ ያህል ነው የሚጨምረው። ብርድ ልብሷ ትሳሳለች እንጂ በፍጥነቱ ልክ አትሳሳም። ነፋስ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህ ብቻ ቢሆን ግን ችግሩ ያን ያህል አይከፋም፣ ልዩነቱ አሥራ አምስት በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ነገር ማርሹ ላይ ነው። አባቴ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚላት ሕግ አለችው፣ ለያንዳንዱ አዲስ ረዳት ሲናገራት ሰምቻለሁ። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣህ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ። ከባድ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ሞተር የያዘው ሙቀት ደግሞ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል፣ ታምቡሩ ጋ አይደርስም። እንበልና ከሰላሳ ሁለቱ ምጣድ ሃያውን ሞተሩ ወሰደ። ለፍሬን የቀረው አሥራ ሁለት ነው። አሁን ሹፌሩ ተቻኮለ። ማርሹን ቀየረና ፍጥነቱን እጥፍ አደረገ። ሞተሩ እንደ በፊቱ እየዞረ ነው፣ ስለዚህ የሚወስደው ያንኑ ሃያ ምጣድ ነው። የሚመጣው ግን ስልሳ አምስት ሆኗል። ለፍሬኑ የሚተርፈው አርባ አምስት! ከአሥራ ሁለት ወደ አርባ አምስት፤ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነፋሱ የጨመረው ደግሞ ያቺን 1.74 ብቻ ነው። በኒውተን ሕግ ብንሄድ ታምቡሩ ከአየሩ በ150 ዲግሪ ይበልጥ የነበረው አሁን ከ320 ዲግሪ በላይ ሊበልጥ ነው።

ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። መኪናና መኪና ይለያያል። አካሄዱ ግን ለሁሉም ያው ነው። ወረቀቱን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ይኼን ለማወቅ ነው ኮሌጅ የላክሁሽ?» አለኝ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ዝቅ አለ፦ «የዚያን ቀን በሦስተኛ ነበር የሄደው አሉ። ከኋላው የነበረው ልጅ አይቶታል። ሸራው ሸቶታል።»

ታምቡር ሲግል ምን ይሆናል? ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። አንድ የከባድ መኪና ታምቡር በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል። ሸራው ሊይዘው ሲዘረጋ እሱ ይሸሻል ማለት ነው። ሸራው ራሱም ሲቃጠል መያዙን ይተዋል፣ ያ የሚከረፋ ሽታው የሚመጣው ያኔ ነው። ደጀን ያደገ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። እግር ይረግጣል፣ ፍሬኑ ይዘረጋል፣ መኪናው ግን አይሰማም። ታምቡሩ ደግሞ የተሸሸገው ቸርኬው ውስጥ ነው፤ ነፋስ እንደ ልቡ አያገኘውም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰበረ ነገር የለም። የተበጠሰ ቱቦ የለም። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያስቸግረው፤ መኪናው ተገልብጦ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲመረመር ታምቡሩ ወደ ልኩ ተመልሶ ፍሬኑ ደህና ሊመስል ይችላል። ፍሬኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የማን ሊባል ነው? «ጠጥቶ ነው» የሚባለው እንዲህ ተጀምሮ ነው።

ጋሼ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። በሦስተኛ መውረዱ እውነት ከሆነ መውረድ አልነበረበትም። ግን በሦስተኛ የሚያስወርደው ምንድን ነው? ጭነቱ ስንት ቶን ነበር? ከተፈቀደው በላይ ነበር? ማታውኑ እንዲያራግፍ ማን አዞት ነበር? ስንት ሰዓት ሳይተኛ ነዳ? «ፍሬን እምቢ ብሎት» የምትለዋ ሐረግ እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች ትዘጋለች። ብረት በራሱ ፈቃድ ያመፀ አስመስላ ሹፌሩንም፣ ባለንብረቱንም፣ መንገዱንም ባንድ ላይ ነጻ ታወጣለች፤ ወሬው ሲመጣ ግን የሚታሰረው ሹፌሩ ብቻ ነው። እኛ ነገ ማይክ ይዘን የምንሄድ ሰዎች ትራፊክ ፖሊሱን «ማርሹ ስንተኛ ላይ ተገኘ?» ብለን ብንጠይቅ ግማሹ ዜና እዚያ ላይ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሪፖርተር እስካሁን አልገጠመኝም።

ድልድዩን ተሻገርን እንበል። ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ማለቴ ነው። አሁን ዳገቱ መጣ፣ ችግሩም ተገለበጠ። ሲወርድ ፍሬኑ ነበር የሚሞቀው፣ ሲወጣ ሞተሩ ነው። ሞተሩን ውሃ ይዞረዋል፣ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ፊት ለፊት ወዳለው ራዲያተር ያመጣዋል፣ ራዲያተሩ ለነፋስ ያስረክባል። እንደገና ነፋስ። ዳገት ላይ ግን ከባዱ መኪና በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ሙቀቱ በጣም ብዙ፣ ነፋሱ በጣም ትንሽ።

እዚህ ላይ የአባቴ አንድ አባባል አለች፣ ለብዙ ጊዜ ግራ ስትገባኝ የኖረች። «ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ይቆጣል» ይላል። በተቻለው መጠን በረሃውን በሌሊት ወይ ማለዳ ነበር የሚወጣው። እኔ ፀሐዩን ፈርቶ ይመስለኝ ነበር፣ እሱም አለበት። ሌላው ምክንያት ግን ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የገደሉ ግድግዳ በፀሐይ ይግልና አጠገቡ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል። መኪናውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። እንግዲህ መኪናው በአሥራ አምስት ቢሄድና ነፋሱም ከኋላው በአሥራ አምስት ቢመጣ ራዲያተሩ ምን ያገኛል? ምንም። ሰው ከውጭ ሲያየው መኪናው እየሄደ ነው፣ ለራዲያተሩ ግን መኪናው ቆሟል። ያለችው የቬንትሌተሩ ነፋስ ብቻ ናት። የሚያቀዘቅዘው በመሬት ላይ የምንቆጥረው ፍጥነት ሳይሆን በመኪናውና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሰዎች በመንገድ ዳር ኪሎ ሜትር ይቆጥራሉ፣ ራዲያተር የሚቆጥረው ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ልዩነቱ ሲበዛ ሁልጊዜ ይበጃል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ሳቀችና ስለ ኮንኮርድ አወራችኝ፣ ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ይበር ስለነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በረራ ስላቆመው የመንገደኞች አውሮፕላን። ውጭው ከዜሮ በታች ከሃምሳ ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ ሆኖ ሳለ አፍንጫው እስከ 127 ዲግሪ ይሞቅ ነበር። እዚያ ፍጥነት ላይ አየሩ ተደናቅፎ ሲቆም የራሱ ሩጫ ሙቀት ይሆናል። አካሉ በሙቀት ምክንያት አየር ላይ እያለ ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ግን ይህ ሙቀት ሩብ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ለኛ ሹፌሮች ነፋስ አሁንም ወዳጅ ነው።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። ላይ ሲደረስ ሌላ ጣጣ አለ። ደጀን ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ነፋስ ቢነፍስም የሚሸከመው ያንሳል። ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው። ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል። ለዚህ ነው ክዳኑ በጋለበት ሰዓት መከፈት የሌለበት። ሲከፈት እፍኑ ይለቀቃል፣ በ105 ዲግሪ ጸጥ ብሎ የነበረው ውሃ ባንዴ ይፈላል፣ እንፋሎት የሆነው ደግሞ ከሺህ እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። የአባቴ ቀኝ ክንድ ላይ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ የተላጠ ጠባሳ አለ። በወጣትነቱ የኤንትሬ ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ሹፌሩ «ውሃ ጨምር» ብሎት ነው። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ከፈተው። «ክፈት» ተባለ እንጂ «ቆይ» ያለው አልነበረም። አሁንም ዳገት ላይ ያንን የሚያደርጉ ልጆች አሉ። የአሥራ ስድስት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ረዳቶች። ስለ እነሱ ክንድ ዜና አይሠራም፣ አልሞቱማ።

ሌላም ስህተት አለ፣ አባቴ ሲያየው የሚያስጮኸው። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት። ውሃ ከነፋስ እጅግ አብልጦ ሙቀት ይወስዳል፣ እዚያ ላይ አልተሳሳቱም። ግን የብረቱን ላይኛውን ገጽ ባንዴ ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጡ ግሎ እንደተዘረጋ ነው። ላዩ ሲሸበሸብ ውስጡ እምቢ ይላል፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ታምቡር ደግሞ ዛሬ ላይታወቅ ይችላል፣ የሚታወቀው በሚቀጥለው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ቦታ ፈልጎ መቆምና ነፋሱን መጠበቅ። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ጊዜ ደግሞ ለባለጭነቱ ገንዘብ ስለሆነ ረዳቱን ጀሪካን ያስይዘዋል።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሄጄ የጋሼን ባለቤት ጠየቅኋት። ስለ ምጣዱም ስለ ኒውተንም አላወራኋትም። ታምቡር ሲግል እንዴት እንደሚሰፋ፣ የሚረገጠው ፍሬን እንዴት እንደማይዝ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ምንም ያልሆነ እንደሚመስል ብቻ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ነበር። «ታዲያ ረግጦታል ማለት ነው?» አለችኝ። ረግጦ ሊሆን ይችላል፣ እስከ መጨረሻው ረግጦ ሊሆን ይችላል አልኳት። ከዚህ በላይ እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው የለኝም ነበር። ጀበናውን አወረደችና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ተኝቶ ነበር ሲሉኝ ነበር» አለች።

አባቴ ከጉዞ ሲመለስ የኛ ቤት ልማድ ለየት ያለ ነበር። መኪናው ደጃፍ ሲቆም ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም። ዳገቱን ሲወጣ የጋለ ሞተር ድንገት ከጠፋ ቬንትሌተሩም ይቆማል፣ ውሃውም መዞሩን ያቆማል፣ ውስጥ የቀረው ሙቀት መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። ስለዚህ አባቴ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠ ሞተሩን በቀስታ ያዞረዋል፣ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር። እናቴ ሰዓት የላትም። ሞተሩ ደጃፍ ሲደርስ ስትሰማ ሽሮውን ትጥዳለች፣ ሞተሩ ሲጠፋ ታወርዳለች።